ካፊያ እንጂ ጉም አታድርጉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ከቱሉ ዲምቱና ገላን እስከ ለገጣፎ፣ ቡራዩና ሰበታ ድረስ በየግቢው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ በኮምፕዩተር ትእዛዝ የሚቆርጡ ትንንሽ ሲኤንሲ ማሽኖች ገብተዋል። ሥራው ኤምዲኤፍ የሚባለው የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳና አክሪሊክ ፕላስቲክ እስከሆነ ድረስ ደረቅ አየር ይበቃዋል። ጣጣው የሚጀምረው ደንበኛ የአልሙኒየም ሻጋታ ይዞ ሲመጣ ነው። ያኔ ባለማሽኑ መቁረጫው እንዳይግልና አልሙኒየሙ እንዳይለጠፍበት ኖዝል (የመርጫ አፍ) ገዝቶ ወይም ራሱ ሠርቶ ከኮምፕረሰር ጋር ያገናኝና እጁ ላይ ያለውን ፈሳሽ መርጨት ይጀምራል። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ሲበላሽ ግን የሚጎዳው ማሽኑ ብቻ አይደለም፤ ግቢው ውስጥ ያለው ተከራይና ሕፃንም ይተነፍሰዋል። እኛ በቶርኖና በፍሬዛ ሥራ የምንተዳደር ሰዎች አሠራሩን በዝርዝር እንድናስረዳ ጥቂት ቦታ እንድትሰጡን እንጠይቃለን።

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። መቁረጫው ላይ ፈሳሽ በአየር መርጨቱን ፈረንጆቹ «ሚስት ኩላንት» ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ ትዳር ውስጥ ስለሚያስገባን «ካፊያ» ብንለው ይሻላል። ስሙ ልኩንም ይናገራል። ካፊያ መሬት ይወርዳል፣ ጉም ግን አየር ላይ ይንሳፈፋል። 100 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ) ስፋት ያላት ጠብታ ከ1.5 ሜትር ከፍታ ወለል ላይ ለማረፍ 6 ሰከንድ ገደማ ይበቃታል። የ10 ማይክሮኗ 8 ደቂቃ ያህል ትንሳፈፋለች። የ2 ማይክሮኗ ሰዓታት ትቆያለች፤ ሳንባ ጥግ ድረስ የምትገባውም እሷ ናት። ውሃው መንገድ ላይ ቢተን እንኳ ዘይቱ አይተንም፤ ጠብታዋ አንሳ መንሳፈፏን ትቀጥላለች።

የአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም ኒዮሽ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ምክር የብረት መቁረጫ ፈሳሽ ብናኝ በጠቅላላው በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ0.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል። 3 በ3 የሆነች፣ ጣሪያዋ 2.5 ሜትር የሆነ ሰርቪስ ክፍል 22.5 ሜትር ኩብ አየር ትይዛለች። ስለዚህ የክፍሏ ልክ 11 ሚሊግራም ገደማ ነው። 5 በመቶ ዘይት ካለበት ድብልቅ ከጎማ የምትንጠባጠብ አንዲት ሙሉ ጠብታ ውስጥ (20ዎቹ 1 ሚሊ ሊትር ይሞላሉ) 2.5 ሚሊግራም ያህል ዘይት አለ። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚለቅ ኖዝል ሁሉንም ጉም ቢያደርገው ልኩ በ5 ሰከንድ ውስጥ ይሞላል ማለት ነው። እንግዲህ ሥራው ሁሉ ያለው ጠብታዋን ትልቅ፣ አየሩን ለስላሳ፣ ፈሳሹን ጥቂት ማድረጉ ላይ ነው።

መፈተሻው ቀላል ነው። ማታ መብራት አጥፍታችሁ ማሽኑን ሳታስነሱ ካፊያውን ብቻ ክፈቱት፤ ከዚያ የሞባይሉን ባትሪ ከጎን አብሩበት። ብርሃኑ እንጦጦ ላይ በጉም ውስጥ እንደሚመጣ የመኪና መብራት ክፍሉን አቋርጦ ከታየ አየሩ በዝቷል፤ ሬጉሌተሩን (የአየር ግፊት ማስተካከያውን) ቀንሱ። ከኖዝሉ ፊት አንድ ጋት ያህል ብቻ የሚያብረቀርቅ ነገር አይታችሁ ከዚያ ወዲያ አየሩ ጥርት ካለ ተስማምቷል።

አልሙኒየም ሲቆረጥ ትልቁ ጠላት ፍሬዛው (እየዞረ የሚቆርጠው ባለ ጥርስ መቁረጫ) በሚከፍተው ቦይ ውስጥ የሚቀረው ፍርፋሪ ነው። ፍሬዛው ያንኑ ፍርፋሪ መልሶ ሲቆርጠው ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ጥርሱ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ ጥርሱ መቁረጡን ትቶ ያሻል፤ ትንሽ ቆይቶም ቀጭ ይላል። ፍርፋሪውን የሚያወጣው አየሩ ነው፣ መለጠፉን የሚከለክለው ዘይቱ ነው፣ ውሃው ትንሽ ሙቀት ይወስዳል። ከሦስቱ የአየሩ ድርሻ ይበልጣል። ይህን ያልተረዳ ሰው ማሽኑ ባስቸገረው ቁጥር ፈሳሽ ይጨምራል።

አየሩን የሚሰጠው ኮምፕረሰር በእኛ ከፍታ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። አዲስ አበባ ዳርቻው ከአቃቂ በኩል 2,100 ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ እንጦጦ ግርጌ ከ2,600 ሜትር በላይ ይወጣል። በ2,350 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር አካባቢ ነው፤ የባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ መሆኑ ነው። ጌጁ 8 ባር እስኪል ድረስ የምትሞሉት ከሆነ ኮምፕረሰሩ አየሩን ከ11 እጥፍ በላይ እያመቀው ነው፤ ባሕር ጠረፍ ላይ ግን ለዚያው 8 ባር 9 እጥፍ ይበቃዋል። ለዚህ ነው እዚህ ጭንቅላቱ ቶሎ የሚግለው። ማጥፊያውን 6 ባር ላይ ብታስተካክሉት ድካሙ እዚያ በ8 ባር ከሚደክመው ጋር እኩል ይሆናል። ለኖዝሉ 1.5 ባር ስለሚበቃ የሚጎድልባችሁ ነገር የለም።

ከዚህ በታች የምንገልጸው ኖዝል በ1.5 ባር በደቂቃ 50 ሊትር ያህል የእኛን አየር ይወስዳል። ባለ 50 ሊትር ታንክ፣ 2 የፈረስ ጉልበት የሆነ ኮምፕረሰር ላዩ ላይ 200 ሊትር በደቂቃ ቢጻፍበትም በተግባር ከ120 ብዙም አይበልጥም። እሱም ቢሆን ይበቃል፤ ከሰዓቱ ግማሹን እንኳ ሳይሠራ ያርፋል። ጎሚስታ ቤት ያለው ዓይነት ይሆናል፣ ግን ድምፁ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አያኗኑርም።

ወደ ኖዝሉ እንምጣ። ምርጡ ዕቃ የፍሪጅ ጠጋኞች ጋ ነው ያለው። ሩብ ኢንች የመዳብ ቱቦ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ውጪው 2 ሚሊ ሜትር፣ ውስጡ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ካፒላሪ የሚባል ቀጭን ቱቦ ደግሞ 40 ሴንቲ ሜትር ግዙ። በዚያ ላይ ለሩብ ኢንች የሚሆን የነሐስ ቲ (ሦስት አፍ ያለው ማገናኛ)፣ ባለ ዳዶ ማያያዣና አንድ የነሐስ ቆብ ያስፈልጋል። ካፒላሪው ፈሳሹን ይዞ በቲው ጀርባ ገብቶ በመዳቡ ውስጥ ቀጥ ብሎ እስከ ጫፍ ይሄዳል። አየሩ በቲው ጎን ይገባል። ሁለቱ የሚገናኙት ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ቀድመው ከተገናኙ ጠብታው ቱቦው ውስጥ ተሰባብሮ ጉም ሆኖ ይወጣል፤ ወይም ተጠራቅሞ ፉት ፉት እያለ ይተፋል።

በመዳቡ ጫፍ ላይ የሚገጠመውን ቆብ መሐሉን በ2.5 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ ብሱት። 2 ሚሊ ሜትር የሆነው ካፒላሪ በመሐሉ ሲያልፍ ዙሪያውን የሚቀረው ክፍተት 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነች አንዲት ቀዳዳ ጋር እኩል ነው። ካፒላሪውን በፒንሳ አትቁረጡት፤ አፉ ይደፈናል። በሞረድ ዙሪያውን ጭረት አውጡበትና ወዲያና ወዲህ ስታጥፉት ንጹሕ ሆኖ ይሰበራል። ጫፉ መሐል ላይ ካልሆነ ካፊያው ወደ ጎን ይሄዳል። ከጫፉ 2 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሁለት ሦስቴ ላላ አድርጋችሁ ጠምጥሙበት፤ መሐሉን ይጠብቃል፣ አየሩንም አይከለክልም። ጀርባውን በስታኞ አትዝጉት። በዳዶው ሥር የቴፍሎን ወይም የጎማ ጓርኒሲዮን ብታስገቡ ካፒላሪው ሲላላ ይንሸራተታል፣ ሲጠብቅ ይይዛል። ይህ መንሸራተት በኋላ ያስፈልጋችኋል።

እንዲህ ነው የሚስተካከለው። ከካፒላሪው ጀርባ በውስጡ የሚያሳይ ቀጭን ፕላስቲክ ቱቦ አያይዙና ሌላውን ጫፍ ከኖዝሉ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በተቀመጠ የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ክተቱ። አየሩን 1.5 ባር ላይ ክፈቱ። ካፒላሪው ወደ ውስጥ ከገባ ብርጭቆው ይንፈቀፈቃል፤ አየሩ ወደኋላ እየተመለሰ ነው። ቀስ እያላችሁ ወደ ውጭ ስትገፉት መንፈቅፈቁ ይቆምና ውሃው በቱቦው ውስጥ መውጣት ይጀምራል። ብዙ ጊዜ ከቆቡ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ሲወጣ መሳቡ ይበረታል። ውሃው በፍጥነት የሚወጣበት ቦታ ላይ ዳዶውን አጥብቁ። ኖዝሉ ሳይስብ አየሩን ወደ 3 እና 4 ባር የሚያሳድግ ሰው ጉም ፋብሪካ ከፍቷል።

የፈሳሹን መጠን ለመቆጣጠር ኒድል ቫልቭ (ፈሳሹን በጥቂት በጥቂቱ የሚያሳልፍ ማስተካከያ) ካገኛችሁ ጥሩ። ካላገኛችሁ ከፋርማሲ አዲስ የግሉኮስ ጎማ ግዙ፤ ያገለገለ አትንኩ። ጠብታ የሚቆጠርባት ክፍልና በአውራ ጣት የምትዞር ማጥበቂያ አላት። ብዙዎቹ ላይ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ዘይት ያለበት ፈሳሽ ጠብታው ትንሽ ያንሳል እንጂ ለግምት ይሆናል። በሰከንድ አንድ ጠብታ ማለት በሰዓት 180 ሚሊ ሊትር ነው። ከዚያ ጀምሩና ወደታች ቀንሱ፤ ለ6 ሚሊ ሜትር ፍሬዛ ግማሹ የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው። ዕቃው ክዳኑ ላይ መተንፈሻ የተበሳ ባለ አንድ ሊትር ጀሪካን ቢሆን ይበቃል፤ የፈሳሹ ከፍታ ግን ሁልጊዜ ከኖዝሉ ጫፍ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ከፍ ካለ አየሩ ከተዘጋ በኋላም ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ ያድራል። አየሩ ሲዘጋ ቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደኋላ ተመልሶ የጠብታ ክፍሏን እንዳይሞላት ደግሞ አንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ቫልቭ ያስፈልጋል። ሶማሌ ተራ ከመኪና መስታወት ማጠቢያ መስመር ላይ የምትወጣዋ ትንሽ ቫልቭ ልክ ትሆናለች።

ፈሳሹን በጠርሙስ ውስጥ በአየር ግፊት መግፋት የሚመርጡ አሉ። ለስላሳ ካፊያ ይሰጣል፣ አንክደውም። ዕቃው ግን ለግፊት የተሠራ መሆን አለበት። የሃይላንድ ጠርሙስ አይሆንም፤ ውፍረቱን በዓይን አይታችሁ የፈቀዳችሁት ማንኛውም ፕላስቲክም አይሆንም። የፒቪሲ ቧንቧንም ለአየር መስመር አትጠቀሙ፤ ሲፈነዳ እንደ ብርጭቆ ይበታተናል። በዚህኛው አሠራር ወደ ጠርሙሱ በሚገባው አየር ላይ መመለሻ የሚከለክል ቫልቭ ማስገባት ስህተት ነው። አየሩ ሲዘጋ የጠርሙሱ ግፊት በኖዝሉ በኩል እንዲተነፍስ መንገድ ካጣ ያለውን ፈሳሽ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ገፍቶ ያወጣዋል።

አሁን ወደ ፈሳሹ። ሱቅ ገብታችሁ «ኩላንት» ካላችሁ የሚሰጣችሁ አረንጓዴው የራዲያተር ፈሳሽ ነው። እሱ በአብዛኛው ግላይኮል ነው፣ መርዝ ነው፣ በምንም ዓይነት አይረጭም። የምትፈልጉት ቶርኖ ቤቶች የሚጠቀሙበትን፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ወተት የሚነጣውን ሶሉብል ዘይት ነው። በ950 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ 50 ሚሊ ሊትር ዘይት በስሪንጅ ለክታችሁ እያማሰላችሁ ጨምሩ። ውሃው ይቀድማል፣ ዘይቱ ይከተላል። ተገልብጦ ከተሠራ እንደ እርጎ ይረጋና ካፒላሪውን ይደፍናል።

የጉድጓድ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ጨው ይተዋል፤ 1 ሚሊ ሜትር ለሆነች ቀዳዳ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሻላል። ስትገዙ ግን «የባትሪ» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ጎን ለጎን የሚሸጠው አሲድ ነው። ጠርሙሱን አንብቡ። የእቃ ማጠቢያ ሳሙና በውሃ የሚበጠብጡም አሉ፤ ለአንድ ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ሐዲዶቹ ዝገት ይጀምራሉ።

ነጭ ጋዝ አልሙኒየም ላይ መጥፎ አይደለም፤ በብሩሽ ሲቀባ። በአየር ሲረጭ ግን የተዘጋጀ ችቦ ነው። አልኮልም እንዲሁ። የንጹሕ ኢታኖል ትነት ባሕር ጠረፍ ላይ እንኳ ከ13 ዲግሪ ጀምሮ በብልጭታ ይያያዛል፤ ከፍታው ይህን የበለጠ ዝቅ ያደርገዋል። የእኛ ክፍል ቀን ላይ ከዚያ በላይ ይሞቃል፣ ስፒንድሉ፣ ማለትም ፍሬዛውን የሚያዞረው ሞተር፣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ካርቦን ብሩሽ ያለው ብልጭ ብልጭ የሚል ነው። አልኮል አክሪሊክንም ይሰነጥቃል። ማግኒዚየም የሆነ ቅይጥ ከምናለሽ ተራ ቁርጥራጭ ጋር ተቀላቅሎ ሊመጣ ስለሚችል፣ ከወትሮው የቀለለ ብረት ካጋጠማችሁ ውሃ ያለበት ነገር አትርጩበት።

አየሩን ማሽኑ ራሱ እንዲከፍትና እንዲዘጋ 24 ቮልት የሆነ፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚከፈት፣ ሲያጣ የሚዘጋ ሶሌኖይድ ቫልቭ ከሬጉሌተሩ በኋላ አስገቡ። መብራት ሲሄድ ራሱ ይዘጋል፤ እኛ ሰፈር ይህ ትርፍ ነገር አይደለም። የኮምፕዩተሩ ሰሌዳ ፒን ይህን ቫልቭ መሸከም አይችልም፤ በሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን በሚያበራ ማብሪያ) ይሁን። በቫልቩ ኮይል (ጥቅልል ሽቦ) ሁለት ጫፍ ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ፣ ነጩ መስመር ወደ ፖዘቲቭ ዞሮ ይታሰር። ይህ ከቀረ ቫልቩ በተዘጋ ቁጥር የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ምት ሊሚት ስዊቹን (ማሽኑ ዳር መድረሱን የሚያሳውቀውን ማብሪያ) ያታልልና ማሽኑ ያለ ምክንያት አላርም ብሎ ይቆማል፤ ሰውም ፕሮግራሙን ሲወቅስ ይውላል። ማሽኑ በሚታዘዝበት ጂ-ኮድ ኤም 7 ካፊያ ይከፍታል፣ ኤም 9 ይዘጋል። ግርብል 1.1 የሚባለው የማሽን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ባለበት አርዱይኖ ዩኖ ሰሌዳ ላይ ግን ኤም 7 ከመጀመሪያው ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ካልከፈታችሁት ሪሌዩን ኤ 3 ፒን ላይ አስራችሁ በኤም 8 ተጠቀሙ። ካፊያውን ከሚከፍተው ትእዛዝ በኋላ ጂ 4 ፒ 3 ጨምሩበት፤ ፈሳሹ ኖዝሉ ጋ ሳይደርስ ፍሬዛው ብረት ውስጥ እንዳይገባ 3 ሰከንድ ይጠብቃል። ኮምፕረሰሩን ከማሽኑ ጋር በአንድ ብሬከር አታስሩ። ማታ ቮልቴጁ ወርዶ እያለ ኮምፕረሰሩ ለመነሳት የሚስበው ኃይል ኮምፕዩተሩን ያጠፋዋል፤ ሳይነሳ እምም ብሎ ከቀረ ደግሞ ወዲያው አጥፉት፣ ካፓሲተሩ ወይም ጥቅልሉ ይቃጠላል።

ኖዝሉ ከፍሬዛው ጫፍ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ወደ 40 ዲግሪ አዘንብሎ፣ ጥርሱ ከብረቱ የሚወጣበትን ጎን ይይ። በጥልቅ ቦይ ውስጥ አንድ ኖዝል ፍርፋሪውን ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሰዋል እንጂ አያወጣውም፤ ያኔ ሁለተኛ ያስፈልጋል። ባለ አንድ ጥርስ 6 ሚሊ ሜትር ካርባይድ ፍሬዛ በደቂቃ 18,000 ዙር ሲዞር በደቂቃ 900 ሚሊ ሜትር ቢሄድ እያንዳንዱ ዙር 0.05 ሚሊ ሜትር ይቆርጣል። ፍጥነቱን ፈርታችሁ ወደ 200 ካወረዳችሁት 0.01 ብቻ ስለሚደርሰው ያሻል፤ ምንም ካፊያ ያንን አያድነውም። ፍርፋሪው ዱቄት ከመሰለ ችግሩ ፍጥነቱ ላይ ነው። ሥራው ላይ የፈሳሽ ኩሬ ከተጠራቀመ ጠብታው በዝቷል። ኖዝሉ እየቆመ የሚተፋ ከሆነ ወይ የኮምፕረሰሩ ታንክ ውስጥ ውሃ ሞልቷል፣ ወይ ካፒላሪው ከቦታው ተንሸራቷል። ክረምት ላይ ታንኩን በየቀኑ ከሥሩ አፍሱ፤ ከሬጉሌተሩ በፊትም ፊልትሮ ይኑር።

የኤምዲኤፍ ጠረጴዛ ካፊያ ሲነካው በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደ ዳቦ ያብጣል፤ የአልሙኒየም ወይም የወፍራም ፕላስቲክ ጠረጴዛ አድርጉለት። ለክፍሉ በሰዓት 200 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ባለ 15 ሴንቲ ሜትር የመታጠቢያ ቤት ፋን ግድግዳ ላይ ብትገጥሙ አየሩ በሰዓት 9 ጊዜ ያህል ይቀየራል። የሚያወጣው ግን ወደ ኩሽናው ወይም ወደ ጎረቤት መስኮት አይዙር። የሐኪም ቤት ማስክ ለዘይት ብናኝ ዋጋ የለውም፤ ኤን 95 የሚባለውም ዘይትን እንዲቋቋም አልተሠራም። ፒ 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 የሚል ፈልጉ።

የተበጠበጠ ፈሳሽ ከሳምንት በላይ አይቀመጥ። ቅዳሜ ትታችሁት ሰኞ ስትመለሱ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ባክቴሪያ በልቶታል፤ ያንን በአየር በትኖ መተንፈስ ሳንባን የሚያሳብጥ በሽታ ያመጣል። ጀሪካኑንና ጎማውን በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ቅዳሜ ባዶውን ተውት። የተረፈውን ወደ ቦይ አትድፉት። የዚህ ዳርቻ ቦይ ብዙው ወደ ትንሹና ትልቁ አቃቂ ይገባል፣ በወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል። በቀን ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ካልበጠበጣችሁ የሚደፋ ነገር አይተርፍም፤ ከተረፈም ሰጋቱራ ላይ አፍስሳችሁ ውሃው ከተነነ በኋላ ዘይት የጠጣውን ሰጋቱራ ለብቻው በከረጢት አስሩት።

ለሻጮችም አንድ ጥያቄ አለን፦ ሶሉብል ዘይትን ከበርሜል በጀሪካን እየቀዳችሁ ስትሸጡ ላዩ ላይ በአማርኛ «የብረት መቁረጫ፣ 5 በመቶ በውሃ» ብላችሁ በማርከር ጻፉበት። አሁን ምንም ሳይጻፍበት ነው የሚሸጠው።

ከአክብሮት ጋር
በቱሉ ዲምቱና በገላን የምንሠራ የቶርኖና የፍሬዛ ባለሙያዎች